ካምቦዲያ አራት ሰው ሲጎድላት

በእኛ ጊዜ፣ ማለቴ ገና ቪከሪ ሜዶ፣ እዚያ የስደተኛ ሰፈር ሳለን፣ እናንተ ቤድፎርድ ምናምን ቤት ገዝታችሁ ሳትገቡ፣ ኳስ እንዲህ ሶፋ ላይ ተጋድመው የሚያዩት ነገር አልነበረም። አትሳቁ! አንተ ግርማ በተለይ አትሳቅ፣ ዛሬ ያንተን ጉድ ነው የማወራው። ይኼ ሆዱ የተቆዘረው ሰውዬ፣ ልጆች፣ ለካምቦዲያ ጎል ያገባ ሰው ነው። ምን ታፈጣላችሁ? እውነቴን ነው።

የዓለም ዋንጫ እዚህ ዳላስ የመጣ ጊዜ ነው፣ በፈረንጆቹ ዘጠና አራት። ስታዲየሙ ከእኛ ሩቅ አልነበረም፣ ግን ማን ይገባል፣ ሁላችንም ሥራ ላይ ነን፣ እኔ የኤርፖርት ሻትል እነዳለሁ። ታዲያ የአፓርትመንታችን ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አንድ አሮጌ ቲቪ ነበር እና ኮሪያ ከጀርመን የተጫወተች ቀን ያ ክፍል ጢም አለ። ማን ያልነበረ አለ? ቬትናሙ፣ ላኦሱ፣ ኩርዱ፣ ኢራኑ፣ ካምቦዲያው፣ እኛ ሐበሾቹ ደግሞ በሩ ላይ። በመጀመሪያው አጋማሽ ጀርመን ሦስት አገባች። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ የልብስ ማድረቂያው ብቻ ይጮሃል። ከዕረፍት መልስ ግን እነዚያ ኮሪያዎች፣ በዚያ ሙቀት፣ ሳንባቸው ከምን እንደተሠራ እንጃ፣ አንድ አገቡ፣ ሁለት አገቡ፣ ጀርመኖቹ ምላሳቸው ወጥቶ ሰዓት ማየት ጀመሩ። ሦስት ለሁለት አለቀ። ተሸነፉ እኮ! ግን እንዳሸነፈ ሰው ነው የተጨፈረው፣ ቬትናሙ ኢራኑን አቅፎ፣ ላኦሱ እኔን አቅፎ፣ በመካከላችን ደግሞ አንድም ኮሪያዊ የለም! ቀጥሎ ሳዑዲ እዚሁ ዳላስ መጥታ በስዊድን ስትረታ፣ እንደ ዘመድ አዘንላት።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ሰዎቹ አበዱ። "የራሳችንን የእስያ ዋንጫ እናድርግ፣ ሁሉም አገሩን ይዞ ይቅረብ" አሉ። አሁን አገር ስትሉ ደግሞ ጉድ ነው። ቬትናሞቹ ሰው ሞልቷቸዋል፣ ሁለት ቡድን ይወጣቸዋል፣ ግን የድሮውን ባንዲራ እንያዝ የአሁኑን ብለው ሳምንት ሙሉ ተጣሉ። ኢራኖቹ ጎበዞች ናቸው፣ ግን አስራ አንዱም ካፒቴን ነው። ኩርዶቹ ቡድን አላቸው፣ ማልያ አላቸው፣ አገሩ ነው የጠፋው። መዝጋቢው እኔ ነበርኩ፣ የምዝገባ ቅጹ ላይ "ኩርዲስታን" ብለው ሞሉልኝ እና እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩ፣ እኔ የካርታ ቢሮ ነኝ እንዴ? እኛንስ? "እናንተ እስያ አይደላችሁም፣ ዳኛ ሁኑ" አሉን። እነ ግርማ ተቀየሙ። እኔ ግን በልቤ ደስ አለኝ። አዲስ አበባ ቀበሌ ከቀበሌ ሲጫወት የማጫውተው እኔ ነበርኩ፣ ፊሽካዬን በሱዳን በኩል በኪሴ ይዤ ነው የመጣሁት። ሌላው ሰው ፎቶ ይዞ ይሰደዳል፣ እኔ ፊሽካ።

እና ደንብ ጻፍኩ። አስራ አንድ ሰው ያልሞላ ቡድን ፎርፌ። ስሙ ቅጹ ላይ የሌለ ሰው ሜዳ አይረግጥም።

"ጋሼ፣ የሰፈር ጨዋታ እኮ ነው፣ ኢዚ ያድርጉት" ይለኛል ይኼ ግርማ።

"ዝም በል! ሕግ ከላላ ጨዋታ የለም" እለዋለሁ። እንዲህ ነበርኩ፣ ምን ልዋሽ፣ ፊሽካ አፌ ውስጥ ከገባ ወንድሜንም አላውቅ።

የካምቦዲያዎቹ ካፒቴን ሶክ ይባላል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ፎርት ዎርዝ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ዕድሜው ወደ አርባ አምስት የሚሆን ሰው። ቅጹን ሲያመጣልኝ ገረመኝ፣ አስራ አንድ ስም፣ ቁልጭ ባለ የእጅ ጽሕፈት፣ ከነማልያ ቁጥሩ። "እናንተ እንዲህ ብዙ ናችሁ እንዴ?" አልኩት። ፈገግ ብሎ ሄደ።

የጨዋታው ቀን እሑድ ነው። ሜዳው ከአፓርትመንቱ ጀርባ ያለ ባዶ ቦታ ነው፣ ሣሩ እንደ ገለባ የደረቀ። ካምቦዲያ ከኩርዶቹ ጋር ነው። የኛ ልጆች፣ እነ ግርማ፣ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንደያዙ ሊያዩ መጥተው ዳር ቆመዋል። ሰዓት ደረሰ፣ ቅጼን አወጣሁና ስም መጥራት ጀመርኩ። "ሶክ!" "የስ!" እያልኩ ሰባት ሰው ድረስ ሄድኩ። ስምንተኛው ላይ፣ "ቩቲ!" አልኩ። ዝም። "ቩቲ!" ዝም። "ሄንግ!" ዝም። "ሳሪን!" "ቻን!" ዝም። እኔ ደግሞ ተናደድኩ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ቩቲ የሚባለው የት ነው ያለው? ሰዓት አያውቅም እንዴ ይኼ ሰው? ተኝቶ ነው?" ብዬ ጮህኩ። ይኼን ስናገር እስከ ዛሬ ያመኛል፣ ልጆች።

"ኮል አድርግላቸው፣ አምስት ደቂቃ እሰጣችኋለሁ" አልኩት ሶክን።  የኩርዶቹ ካፒቴን አዛድ ደግሞ፣ ጢማም ነው፣ ቁጡ ነው፣ ጣቱን እየቀሰረ መጣ። "ሚስተር ሬፈሪ! ያንተው ደንብ ነው! ፎርፌ ጻፍ!" ይለኛል። ልክ ነው፣ የኔው ደንብ ነው። እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

ያኔ ሶክ ቀስ ብሎ ጠጋ አለና፣ "አይመጡም" አለኝ።

"ለምን? ሥራ ገብተው ነው?"

"የሉም። ድሮ ፕኖም ፔን አብረን የተጫወትን ነን፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ ቡድን። ቩቲ ግራ አጥቂ ነበር፣ ለብሔራዊ ቡድን ሊመርጡት ነበር። በዚያ ጊዜ አገሬ ጥሩ ቡድን ነበራት፣ እስያ ሁሉ ያውቀን ነበር። ከዚያ ኮሚኒስቶቹ ከተማውን ያዙ፣ ሰውን ሁሉ ወደ ገጠር ነዱት። አራቱም እዚያ ሞቱ። ቅጽህ አስራ አንድ ይላል፣ እኔ ሰባት ሰው ነው ያለኝ። ሌላ ስም አጣሁ።"

"ሌላ ስም አጣሁ" አለኝ፣ ሰማችሁ? ሊያታልለኝ አይደለም። ቅጹ ሰው ጠየቀው እና የሚያውቃቸውን ሰዎች ጻፈ። እኔ ለካ ሰዓት አታውቁም ብዬ የምሰድበው ሙታንን ነው! እኛስ ከዚያው ዓይነት ዘመን አይደል ያመለጥነው? የኔን የቀበሌ ቡድን ስም ዝርዝር ዛሬ ሙላ ብትሉኝ ስንቱ ነው "አቤት" የሚለኝ? እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ።

"ምንድነው የሚለው?" አለኝ አዛድ። ነገርኩት። ያ ቁጡ ሰውዬ አንገቱን ደፋና፣ "የኔም ታላቅ ወንድም ጥሩ በረኛ ነበር" አለ። 

ታዲያ ምን ላድርግ? ደንቡ የኔ ነው፣ ያልተመዘገበ አይገባም ብያለሁ። አራቱን ስም በገዛ እጄ ሰርዤ ይኼን ሰውዬ ወደ ቤቱ ልሸኘው ነው። ዞር ስል የኛን ልጆች አየሁ። አገር ቤት፣ ሰው ሞቶበት ዘመድ የሌለው ሰው ካለ፣ ጎረቤቱ ምን ያደርጋል? ገብቶ በወንድም ቦታ ይቀመጥለት የለ? ለቀስተኛ ሲመጣ ተነስቶ ይቀበልለት የለ? ማን ውሸታም ይለዋል?

"ግርማ! ና ወዲህ። ነጠላህን አስቀምጥ።"

"ጋሼ፣ ገና እህል አልቀመስኩም እኮ!"

"እሱን አልጠየቅኩህም። ከአሁን ጀምሮ ቩቲ ነህ። ቁጥርህ አስራ አንድ ነው።"

ሦስት ሌሎች ጨመርኩ። የለበሱት የቤተ ክርስቲያን ጫማ ነው፣ በዚያ ምን ሊጫወቱ ነው ብዬ ሳስብ፣ አዛድ ሄዶ ከተጠባባቂዎቹ አራት ጥንድ ጫማ አስወልቆ ይዞ መጣ። አዎ፣ ተጋጣሚው! "እንደገና ጥራ" አለኝ፣ "ከመጀመሪያው ጥራ።"

እና ከመጀመሪያው ጠራሁ። "ቩቲ!" አልኩ። "አቤት!" አለ ግርማ፣ በጥሩ አማርኛ። "ሄንግ!" "አቤት!" "ሳሪን!" "አቤት!" "ቻን!" "አቤት!" ሶክ በእያንዳንዱ አቤት ዓይኑን ይጨፍናል። አለቀሰ ብዬ አልዋሽም፣ አላለቀሰም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ላብ አስመስዬ ጠረግኩት።

ጨዋታውማ ምን ይወራል፣ ኩርዶቹ ሜዳ ከገቡ በኋላ አልራሩም፣ አምስት አገቡብን። አገቡብን አልኩ እንዴ? ዳኛ እኮ ነኝ! አገቡባቸው። ሊያልቅ ሲል ሶክ ከቀኝ አሻገረ፣ ግርማ ኳሷን በምኑ እንደነካት እሱም አያውቅም፣ በጉልበቱ ይሁን በሆዱ እንጃ፣ ብቻ ገባች። ኦፍሳይድ ነበር ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ሶክ እየሮጠ መጥቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፣ "ቩቲ! ቩቲ!" እያለ። ግርማም "እሺ ወንድሜ፣ እሺ ወንድሜ" ይለዋል።

ሪፖርቱ ላይ "ግብ ያገባ፣ ቩቲ፣ ቁጥር አስራ አንድ" ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። አዛድም ፈረመ። ሶክ ወረቀቱን ለመነኝ፣ ሰጠሁት፣ አጣጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፣ ተጠፋፋን። ዋንጫውን ማን በላው? ኢራኖቹ መሰሉኝ፣ ረስቼዋለሁ። ያንን የስም ጥሪ ግን አልረሳም። ደንብ ሰው ሲጎድል የሚሞላ ካልሆነ ለኔ ደንብ አይደለም፣ ይኼን የተማርኩት እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ ግን፣ ማለቴ" አለች ወሬውን ስትሰማ የቆየችው የጋሼ የወንድም ልጅ ሰላም፣ "ሪፖርቱ ፌክ ነው ማለት ነው አ? ያገባው እኮ ጋሽ ግርማ ነው።"

ግርማ? ግርማ ያን ቀን አልተጫወተም፣ ልጄ። ዝርዝሩ ላይ የለም፣ ዝርዝሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። አታምኚኝም? ቆይ እንጠይቅ። ቩቲ!

"አቤት!" አሉ ጋሽ ግርማ፣ ከነሆዳቸው ከሶፋው ብድግ ብለው።