ከጉልበቴ የሚጀምር መስኮት

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። የጉምሩክ ወረቀት የማዘጋጅበት ትንሽ ቢሮ ግቢዬ ውስጥ፣ ከማንጎው ሥር እያሠራሁ ነበር። የሚንሸራተት የመስታወት በርና ሰፊ መስኮት መርጬ አዘዝኩ። መስኮቱ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለውን ግን ለሚገጥመው ለአብዲ "አንተ ታውቃለህ" ብዬ ተውኩለት። ከገበያ ስመለስ መስኮቱ ከጉልበቴ ይጀምራል! ጠረጴዛዬን ባስጠጋው ግማሹ ተሸፈነ።

"አብዲ፣ ምን ጉድ ነው የሠራኸኝ?" አልኩት።

"አቦ አትቆጪ! ማንጎ ሥር የሚሠራ ክፍል ለምን እንደሆነ ይጠፋኛል እንዴ? ለበርጫ ነው። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ፍራሽ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ነፋሱ ፊቱን እንዲያገኘው ብዬ ነው ዝቅ ያደረግኩት።"

"ቢሮ ነው አላልኩህም?"

"ሁሉም ሲያሠሩ ቢሮ ነው የሚሉኝ" አለኝ፣ ኮስተር ብሎ።

ተናድጄ፣ ቅዳሜ መጥቶ ከፍ እንዲያደርገው አስማልኩት። በማግስቱ ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያው ቆመ። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ወንበሩ ላይ መቀመጥ ሲያቅተኝ ላፕቶፔን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔ ነፋሱ በመስኮቱ ገብቶ አንገቴን ዳበስ አደረገኝ። ማንም ስላላየኝ ፍራሽ አመጣሁ። ቀጥሎ መከዳ።

ቅዳሜ አብዲ ድሪሉን ይዞ ከች አለ። ፍራሹን አየ፣ መከዳውን አየ፣ እኔን አየ። ገና አፉን ሳይከፍት፣

"ቢሮ ነው!" አልኩት።