ገመዱን ማንም እንዳይነካ

ክቡራትና ክቡራን ብለሽ ጀምሪ ተብያለሁ፤ እሺ፣ ክቡራትና ክቡራን። ዳቦውን የጋገራችሁ፣ ጠላውን የጠመቃችሁ፣ ወንበሩን በትከሻችሁ ያመጣችሁ፣ እጃችሁ አይንጠፍ። ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ወለል ስጠርግ ኖሬ፣ ዛሬ ገና ሌላ ሰው ጠርጎልኝ ቆምኩበት። ጥጉን አልነካችሁትም እንጂ ደህና ነው።

ኃላፊያችን አቶ አለበል "እማማ ጤናዬ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዎታል" ብለውኛል። አይበቃኝም። ለምን እንደሆነ ያንን ጠረጴዛ እዩ። ላፕቶፑ አጠገብ የተኛችው፣ ሰማያዊ መብራቷ ብልጭ ብልጭ የምትለው ጥቁር ነገር የስንብት ስጦታዬ ናት። "ምን እንግዛልዎ?" ስትሉኝ "ሃርድ ዲስክ" አልኳችሁ። ሳቃችሁብኝ። ጋቢ ነበር የጠበቃችሁት። ጋቢ አለኝ።

የዚህ ቢሮ የገበሬ መሬት መዝገብ በሙሉ አሁን እሷ ላይ እየተገለበጠ ነው። አስማማው፣ የመዝገብ ሠራተኛችን፣ ስንት ደረሰ? ዘጠኝ ከመቶ ይላል። እንግዲያው መቶ እስኪሞላ እናገራለሁ። እስከዚያ ገመዱን ማንም እንዳይነካ። ወደ ጠላው የሚሄድ በግድግዳው በኩል ይዙር።

በስንብት ቀን ሰው ያመሰግናል፣ እንባውን ይጠርጋል። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንገሽግሾኛል። ዛሬ ካልተፋሁት ይዤው ልቀበር ነው።

ከኋላ የተቀመጠችውን ሴት አያችኋት? የብርጓል ትባላለች፤ ከአምበር ወዲያ ካለ መንደር ናት። ባሏ ሞቷል፣ ያለቻት አንዲት የጤፍ ማሳ ናት። እሷን እኔ ነኝ የጠራኋት። ለምን እንደጠራኋት ትሰማላችሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ሃርድ ዲስክ ስትመጣ፣ መዝገቡ ሁሉ በስካነር ተነስቶ ኮምፒውተር ገባ። ከዚያ "ወረቀቱ ቦታ አጣበበ፣ ይወገድ" ተባለ። ማን አቃጠለው? እኔ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሁለት ቀን ሙሉ ስማግድ ዋልኩ። መጀመሪያ ግን አቶ አለበልን ጠይቄ ነበር።

"ጌታው፣ ሌላ ቅጂ አለው?"

"ዲስኩ ላይ አለ እማማ። አይጥ አይበላው፣ ዝናብ አያበሰብሰው።"

አዎ፣ አይጥ አልበላውም። የአይጡን ሥራ እናንተ ሠራችሁለት።

ኤዲያ፣ አያያዛችሁ። ዲስኳ ላይ የሻይ ብርጭቆ ሲቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የገመድ መሰኪያዋ ውስጥ የገባ የበሶ ዱቄት በስንጥር አውጥቻለሁ። አንድ ማለዳ ደግሞ መስኮቱ ንፋስ እንዳያስገባ ተወትፋበት አገኘኋት። የስንቱ ሰው መሬት እኮ ነው። መስኮት ይደፈንበታል?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የድጓ መምህር ነበር። ቤታችን ራቁቱን የሚቀመጥ መጽሐፍ አልነበረም፤ ዳዊቱም ድጓውም የየራሱ የቆዳ ማኅደር ነበረው። እኔም ለዲስኳ ከአሮጌ ማኅደር ቆርጬ ሰፋሁላት። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ፣ ደስ አለኝ። አስማማው እዚያው ማኅደሯ ውስጥ እንዳለች እየሰካ ቀኑን ሙሉ ያሠራት ጀመር። አቧራ ስጠርግ ብነካት እንደ ምድጃ ድንጋይ ትፋጃለች።

"አንተ ልጅ፣ ይህቺ ነገር ታማለች።"

"ልማዷ ነው እማማ።"

ልማዷ አይደለም፤ አፍነናት ነው። ማኅደር ለመንገድ ነው። ስትሠራ ደረቅ ጠረጴዛ ላይ፣ ነፋስ እያገኘች፣ ሳትንቀሳቀስ መተኛት አለባት። የሰፋሁት እኔ፣ ሳልጠይቅ የተኩራራሁትም እኔ።

ስንት ደረሰ? ሠላሳ አራት። ጎሽ።

አስማማው፣ አንገትህን አትቅበር። ይቅር የተባባልነው ነገር ነው፤ ግን አዲሶቹ ሳይሰሙት እኔ አልሄድም። ያኔ ዲስኳ እንደመጣች ኮምፒውተሩ ጠበበኝ አለና መዝገቡን ወደ እሷ አዛወረው። ገልብጦት ቢሆን ሁለት ቦታ ይኖር ነበር፤ እሱ ግን ቆርጦ ነው የወሰደው። ኮምፒውተሩ ላይ አንድም አልቀረ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ሰርግ ነው፤ ዲስኳን ኪሱ ከቶ ዘፈን ሊያስሞላባት ሙዚቃ ቤት ይዟት ሄደ። የገበሬ ርስት የተቀመጠባት ላይ እስክስታ ሊያስጭንባት። ደጅ የሚዜዎቹ መኪና ጡሩምባ ይነፋል፤ መብራቷ ብልጭ ብልጭ እያለ፣ ገና እየጻፈች፣ ላጥ አድርጎ ነቀላት።

ሰኞ ቢሰካት ተበላሽታ ኖሮ ኮምፒውተሩ "ይህን ዲስክ ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ጠየቀው። ፎርማት ማለት ያለውን ጠርጎ ባዶ ማድረግ ነው። እሺ አለው። እኔ እንኳ፣ ፊደል በቅጡ ያልቆጠርኩት፣ ከመጥረጌ በፊት ወለሉ ላይ ምን እንደወደቀ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። እሱ አንዴ ጠቅ፤ አለቀ። እዚያ ላይ እጁን ሰብስቦ የሚያውቅ ሰው ቢጠራ ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር አሉ፤ እሱ ግን ድንጋጤውን ለመደበቅ ዘፈኑን መልሶ ጫነባት።

በዚያው ክረምት የየብርጓል ጎረቤት ድንበሯን አራት ትልም ገፍቶ አረሰው። ፍርድ ቤት "መዝገብሽን አምጪ" አላት። እዚህ መጣች። ምን አላችኋት?

"ሲስተም የለም፣ ነገ ነይ።"

በማግስቱ መጣች። "ነገ ነይ።" ሰባት ወር ሙሉ። የእግሯን ጭቃ ስወለውል የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ጭቃው አላስጠላኝም። ያስጠላኝ መዝገቡ እንደሌለ እያወቃችሁ ነገ ማለታችሁ ነው። እኔም እያወቅኩ ዝም ማለቴ፤ እሱ ከሁሉ የከፋው ነው።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጣ "እትዬ ጤናዬ፣ አንቺ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ" አለችኝ።

"ጠፍቷል። ወረቀቱንም ያቃጠልኩት በዚህ እጄ ነው" አልኳት።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ነጠላዋን አጣፋችና "ተነሽ እንግዲህ፣ አብረሽኝ ትገቢያለሽ" አለችኝ። አብሬያት ገባሁ። አቶ አለበል፣ ላመስግንዎ፣ ያን ቀን አልዋሿትም። በሳምንቱ ለኪዎች ላኩ፤ አዋሳኞቹና ሽማግሌዎቹ ድንበሩን በእግራቸው ሄደው መሰከሩ። የእሷም የሌላውም መዝገብ እንደገና እስኪሠራ ዓመት ፈጀ። ዓመት ተለፍቶበት ግን እስከ ዛሬ ጠዋት አንዲት ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር። ሰው አንዴ ተቃጥሎ መልሶ እሳቱ ውስጥ ይቀመጣል? ለዚህ ነው ጋቢ ያልፈለግኩት።

አስማማው፣ ዛሬ ጠዋት ለዲስኳ ምን እንዳደረግክላት ንገራቸው። "ባዶ መሆኗን አይቼ ፎርማት አደረግኳት፣ ስም ሰጠኋት፣ ላፕቶፑን ቫይረስ ፈተሽኩት፣ ከዚያ መገልበጥ ጀመርኩ" ይላል። ሰማችሁ? መጥረግ ያኔ ነው፣ ምንም ሳይኖርባት። ዘፈንም ፊልምም አይገባባትም። ዘፈን ያማረው የራሱን ይግዛ።

ሞላ? መቶ? ቆይ፣ እጅህን አንሳ፤ አትንቀላት። ሞላ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ ከፍተህ አሳየን። ከላፕቶፑ አይደለም፣ ከእሷ ላይ ክፈት። የብርጓል፣ ነይ እስቲ፣ ቅረቢ። አሳልፏት፤ በግድግዳው በኩል።

መዝገቡ ላይ ያለችው ፎቶ፣ ማን ናት ይህቺ? "ፊቱም ሻሹም የእኔው ነው" ትላለች። አንብብላት አስማማው፣ ጮክ በል። በምሥራቅ ወንዙ፣ በምዕራብ የአካለ ወልድ ማሳ፣ በሰሜን መንገዱ፣ በደቡብ የግጦሽ መሬት። ልክ ነው? እየነቀነቀች ነው። ልክ ነው።

አሁን ዝጋው። ኮምፒውተሩን አስፈቅደህ አስወጣት። "አሁን መንቀል ይቻላል" አለ? መብራቷ ጠፋ? በል ንቀላት፤ ገመዱን ጎትተህ ሳይሆን ራሱን ይዘህ። ትቀዝቅዝ። ስትቀዘቅዝ ይኸው ማኅደሯ። ዛሬውኑ ከገበያው ማዶ ወዳለው አሮጌው ቢሯችን ካዝና ትሄዳለች፤ እዚህ ቢቃጠል እዚያ እንድትተርፍ። ካዝናው እንደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ አቶ አለበል ጋ፣ አንዱ አስማማው ጋ፤ ሁለቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። አንዱ ሰርግ ቢኖርበት ሌላው ይከለክለዋል። በየወሩ መጥታ አዲሱን መዝገብ ትቀበልና ትመለሳለች።

እንግዲህ ልሂድ፣ ልጄ ጉንደ ወይን ላይ ምሳ አቆይታ ትጠብቀኛለች። ጡረታችሁን በጤና ለመብላት ያብቃችሁ። ዓይናችሁ ካላየው እጃችሁን ይሰብስብላችሁ። "ነገ ነይ" ከምላሳችሁ ይንቀልላችሁ። የልጆቻችሁን ድንበር የሚገፋ አይነሳባቸው፤ ቢነሳም መዝገባቸው ሁለት ቦታ ይገኝላቸው። አሜን በሉ።

መጥረጊያው ከበሩ ጀርባ ነው። ጥጉን እንዳትረሱት።