ግድግዳ የማያግደው ዓይን

«ግቢ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያስቆምሻል? አረፍ በይ። ይህን ሁሉ መጋረጃ ተሸክመሽ ደረጃውን ወጣሽ እንግዲህ... ብትደውዪልኝ ወርጄ አልቀበልሽም ነበር? ጉልበትሽስ? የኔማ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። ሻይ ልቅዳልሽ። ስኳር ቀንሺ ተብለሻል አይደል? አንዲት ማንኪያ ብቻ፣ እሷም ለወጉ።»

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት መጋረጃውን ጭኗ ላይ አድርጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ሥር፣ ሁለት እግሮች ወጥተው ተዘርግተዋል። አንዱ ጥቁር ካልሲ ለብሷል፣ ሌላው ሰማያዊ። የእግሮቹ ባለቤት የቤቱ አማች ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ በደረቱ ተኝቶ ኮምፒውተር ይጠግናል። የኮምፒውተሩ ጎን ተከፍቷል፣ ብሎኖቹ የሻይ ሰሃን ላይ ተደርድረዋል።

አማቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩ፣ ከዚያም ውስጥ ሃያውን ዓመት ፈተና ሲቆጣጠሩ የኖሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ሰው ሰድበው አያውቁም። ያመሰግናሉ። እሳቸው ያመሰገኑት ሰው ግን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣል።

«አቤት ስፌት! ጠርዙን ተመልከቺው፣ አንዲት ክር አላፈነገጠችም። ግን ሳስበው... ምን ነክቶኝ ነው ያዘዝኩሽ? ግድግዳ የማያግደው ዓይን ባለበት ቤት መጋረጃ ምን ይከልላል? ... ኧረ ምንም አላልኩም፣ ለነገሩ ነው። ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ።»

እግሮቹ ትንሽ ሰብሰብ አሉ።

«ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ የፍጻሜ ግጥሚያ እንዳለብን ነግሬሻለሁ? አትሳቂ! በዚህ ዕድሜዬ ተኳሽ ሆኛለሁ። ልጄ ናት ያስለመደችኝ፤ ጡረታ ስወጣ ብቻዬን እንዳላወራ ብላ። ሦስት ሆነሽ ምሽግ ትጠብቂያለሽ፤ ሌሎች ሦስት ሰዎች ደግሞ ከየቤታቸው ሆነው ሊነጥቁሽ ይመጣሉ። እኔ መካከለኛውን በር እይዛለሁ፣ ከታች ያለው ፀጉር አስተካካይ ቀኙን፣ ልጄ ግራውን። ሁለት ዓመት ሙሉ የግራውን በር የደፈረ አልነበረም። አሁን ግን ግራውን የያዘው... ሌላ ሰው ነው።

«አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙ ምን ያደርግልሻል? ሰው እንዴት እንደሚሻሻል ማየት ከፈለግሽ እሱን ነው ማየት። ባለፈው ወር እኮ በሩ የት እንደሆነ ጠፍቶት ጣሪያ ሲተኩስ የሚውል ልጅ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም እኔኑ ገደለኝ፤ የራሱን ወገን! እኔ ግን ምን አልኩ? ይለምዳል አልኩ። ማክሰኞ ዕለት እንዲያ ነበር። ረቡዕ... ንስር ሆኖ ዋለ። ልምምድ የለ፣ ድካም የለ! ጠላት ገና ማዕዘኑን ሳይዞር ተኩሶ ይጠብቀዋል። እኔ ሰው ካላየሁ አልተኩስም፣ ኋላ ቀር ነኝ። እሱ ግን ሰውየው ከቤቱ ሳይነሳ ያውቀዋል። ይህ ከላይ ካልተሰጠ በትምህርት ይመጣል ትያለሽ?»

ከጠረጴዛው ሥር፣ ሰፈሩ «ንስር» የሚለው አማች ያችን ረቡዕ አስታወሰ። እሱ እንኳ ለአንድ ቀን ቀልድ ብሎ ነበር። ከኢንተርኔት ያወረደው ትንሽ ፕሮግራም ከግድግዳ ጀርባ ያሉትን ተጫዋቾች ቀይ አድርጎ ያሳያል። ፕሮግራሙ እንዲሠራ ግን ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚጠብቀውን መቆለፊያ፣ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን፣ ማጥፋት ነበረበት። አጠፋው። አሸነፈ። ሰፈሩ ስም አወጣለት፣ ሚስቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። በማግስቱ ሊያበራው አስቦ ነበር፤ በማግስቱ ግን ሌላ ግጥሚያ መጣ። ባለፈው ሳምንት ጨዋታው ታደሰና፣ ከእንግዲህ መቆለፊያው ያልበራበት ኮምፒውተር አይገባም አለ። ቢያበራው ፕሮግራሙ ይቆለፍበታል፣ ንስርነቱም ያበቃል። ባያበራው ቡድኑ ፍጻሜውን ሳይጫወት ይሰናበታል። ስለዚህ ብሎን ፈታ።

«አሁን ይኸው ኮምፒውተሩ ጨዋታውን አልከፍትም ብሎ አኮረፈ። ‹ሴኪዩር ቡት ጠፍቷል› ይላል። እኔ ቡት ሲለኝ ጫማ መስሎኝ አልጋ ሥር ፈለግሁ... ሳቂ፣ ሳቂ። ኋላ ታች መንገድ ያለውን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠየቅሁት። ‹እትዬ፣ ይህ ዘበኛ ማለት ነው› አለኝ። ‹ማሽኑ ገና ዓይኑን ሲገልጥ በር ላይ ይቆምና የሚገባውን ሁሉ ፊርማህን አሳየኝ ይላል። ፊርማ የሌለውን አያስገባም።› እንዴት ያለ ጨዋ ዘበኛ ነው! ‹ታዲያ አርጅቶ ነው የተኛው?› ብለው፣ ‹ኧረ እትዬ፣ ይህ በእርጅና አይተኛም፤ ከውስጥ ገብቶ የሚያስተኛው ሰው ይፈልጋል› አይለኝም? እኔ እንኳ አላመንኩትም። በዚህ ቤት ዘበኛ የሚያስተኛ ማን አለ? እኔ? ድመቷ? የኔ ኮምፒውተር እንደሆነ እዚያ ክፍል ጨዋታውን ከፍቶ ይጠብቀኛል፤ ዘበኛውም እንደነቃ ነው። ድመቷ ደግሞ የምትተኛው እሱ ላይ ነው።

«ለማስነሳት ሁለት ደቂቃ ይበቃል አለኝ ያ ጠጋኝ። ማሽኑ ሲነሳ ዲሊት የምትለዋን ቁልፍ መጫን፣ ባዮስ የሚሉት የውስጥ ገጽ ሲመጣ ሦስተኛውን ክፍል መክፈት፣ ማብራት፣ መዝግቦ መውጣት። ውሸታም! ሁለት ደቂቃ ቢሆን፣ እኔ የማውቀው ሰው፣ ያን የመሰለ አዋቂ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይለፋ ነበር? መጀመሪያ ባትሪው ነው አለ። ቀጥሎ መብራቱ ነው አለ። ከዚያ አቧራ ነው ብሎ በቀለም ብሩሽ ጠረገው፤ በዚህ ቤት እንዲያ ተደርጎ የተጠረገ ነገር አይቼ አላውቅም። አሁን ደግሞ ብሎን ላይ ነው። ዘበኛው ብሎን ውስጥ ገብቶ ተኝቶ ይሆናል... ማን ያውቃል?»

አንዲት ብሎን ከእጁ አምልጣ እየተንከባለለች ወደ ሶፋው ሄደች። ልብስ ሰፊዋ በጫማዋ ጫፍ መለሰችለት፤ ፊቷን ግን በሻይ ብርጭቆዋ ሸፍና ነበር።

«ዓይን ደግሞ እንዴት ያለ ፍጥረት ነው! ይኸው የምነግርሽ ሰው ከሁለት ግድግዳ ወዲያ ያደፈጡ ሦስት ሰዎች ያያል። ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ የተከመረ ሰሃን ግን አይታየውም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰሃኑን ከግድግዳ ጀርባ ባስቀምጠው ያየው ነበር። ካልሲ እንኳ ሲያወጣ ጥቁሩን ከሰማያዊው አይለይም። ምን ይደረግ፣ የተሰጠው ሩቁን ማየት ነው።»

ሰማያዊው እግር ቀስ ብሎ ከጥቁሩ ሥር ተደበቀ።

«እንዲህ ያለ ጎበዝ ካየሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ። ፈተና ስቆጣጠር አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ አቤት ጭንቅላት! ጥያቄውን ሳያነብ ይመልሳል። አንዱንም ሳይስት መለሰ፤ ወደቀ። እንዴት አትይኝም? የመለሰው የሌላ ኮድ ፈተና ነዋ! ወረቀቱ ተሳሳተበት እንጂ እሱስ ምን አጠፋ? ደግሞ አላጋለጥኩትም። ሰው ፊት ማዋረድ አልወድም። አጠገቡ ቆሜ ‹በርታ› ነው ያልኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ቆሜ... በርታ፣ በርታ። ምስኪን፣ ላቡ ወረቀቱን አራሰው።

«ልጄማ...»

የአማቱ ድምፅ ትንሽ ዝቅ አለ። ማንኪያዋን ብርጭቆው ውስጥ አንድ ጊዜ አዞሯት።

«ልጄማ በሩን በገዛ ፈቃዷ ለቀቀችለት። ‹እማዬ፣ እሱ ይሻላል› አለችኝ። ደስ ብሏት እኮ ነው! መድኃኒት ቤት አብረዋት ለሚሠሩት ሁሉ አውርታለታለች። ከዚያ ምን አደረገች መሰለሽ? ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደች። ‹እሱ የሚያየው እኔን እንዴት አይታየኝም? ዓይኔ ደክሞ መሆን አለበት› ብላ። ሐኪሙ ዓይንሽ ደህና ነው ቢላት አላመነችውም፤ ለማንኛውም ብላ መነጽር ገዛች። የምን መነጽር? ባዶ መስታወት ነው። ቀኑን ሙሉ ባዶ መስታወት አፍንጫዋ ላይ ሰክታ መድኃኒት ትሰጣለች። እንዲህ ያለች ሚስት የት ይገኛል? ባሏን ከመጠርጠር ዓይኗን ትጠረጥራለች።»

ከጠረጴዛው ሥር ካቻቢቴው ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ወድቆ ሳይሆን፣ በቀስታ። አማቹ መነጽሩን ያውቀዋል። ባደረገችው ቀን «ያምርብሻል» ብሏት ነበር። ለምን እንደገዛችው ግን አልጠየቀም።

«በይ ተነሺ፣ መጋረጃውን የኔ ክፍል እንስቀለው። ሰው ፊት ሥራ የማይሆንለት አለ... ሻይሽን ያዥው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው፣ ልጄም አሁን ትደርሳለች። በሩን ልዝጋው? ኧረ ምን ዋጋ አለው፤ ከፈለገ በግድግዳው ያየናል።»

ሁለቱ ሴቶች ገቡ። አማቹ ደረቱ ላይ የምንጣፉን ክር እያራገፈ ወጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከግድግዳው ወዲያ የአማቱ ድምፅ አላቋረጠም።

«ቀለበቱን አቀብዪኝ... እሱን አይደለም፣ ትልቁን... ቀና አድርጊው። አሁን ወደ ግራ ሳቢ። ግራው ነው እኮ የተንጋደደው። ግራ ነገር ልጄ ስትይዘው ነበር የሚያምረው...»

ማሽኑን አስነሳ፤ ዲሊትን ደጋግሞ ተጫነ። ግራጫው ገጽ መጣ። ሦስተኛው ክፍል፣ ሁለተኛው መስመር፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቢሆን እንኳ ያገኘዋል። «ጠፍቷል» የሚለው ላይ ጣቱን አቆየ። አራት ሳምንት ንስር ሆኖ ነበር። ዳቦ ሻጩ እንኳ «ንስሬ» እያለ ነበር የሚጠራው። በግድግዳው በኩል አማቱ ስለ መጋረጃው እጥፋት ያወራሉ፤ ለእሱ የሚታየው ግን ባዶ መስታወት ነው።

አበራው። መዝግቦ ወጣ። ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ትንሿን ፕሮግራም ፈልጎ አጠፋት፤ ጨዋታውን ነካው። መለከት ነፋ፣ ምሽጉ ብቅ አለ። የግድግዳ ሰዓቱን ቀና ብሎ አየ። ሁለት ደቂቃም አልሞላ።

መለከቱ ሲሰማ በዚያ ክፍል ያለው ወሬ ተቋረጠ።

የመግቢያው በር ተከፈተና ሚስቱ ገባች፤ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ። አማቹ ከወንበሩ ተነሳ። መዳፉን ቀኝ ዓይኑ ላይ አድርጎ አሸት አሸት አደረገ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረላት።

አማቱ የመጋረጃ ቀለበት ጣታቸው ላይ እንደሰኩ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«መጣሽ የኔ እመቤት? ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ፣ ጊዜ የለንም፤ ፀጉር አስተካካዩ ሁለቴ ደውሏል። ግራው በር ያንቺ ነው። ያንንም መነጽር አውልቂው፣ ለተኩስ አይመችም።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። «አየሽልኝ? ያን ጠጋኝ በከንቱ አማሁት። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ተለፍቶ... በሁለት ደቂቃ አለቀ!»

ከዚያ፣ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊታቸውን ወደ አማቹ መለሱ። ድምፃቸው ማር ሆነ።

«ውይ ልጄን... ዓይንህን አመመህ? ብዙ አይቶ ደክሞ ነዋ! ና እስቲ፣ ጎንበስ በልልኝ።»

ጎንበስ አለ። ቀለበት ያለበትን እጃቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ።

«ተባረክ። ይህን እንደከፈትክልን የሁሉ ደጅ ይከፈትልህ። ዓይንህን ይማርልህ፤ ከእንግዲህም ግድግዳው ግድግዳ ሆኖ ይታይህ። እግዜር፣ የኔ ልጅ፣ ሚስትህ ስታይህ የምታየውን ሰው... ያድርግህ።»