የጋሽ ገሪማ ቁልፍና የኤልቤቴል ኮምፒውተር

ሰው የሚሸሸውን ሰው የሚያገኘው መሸሻ በሌለበት ቦታ ነው። ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ ጋሽ ገሪማ ገደብ ከተማ ላለች እህታቸው ዕቃ ሊልኩ ዲላ መናኸሪያ ገብተው፣ በሁለት አውቶቡሶች መካከል በጠባቧ መተላለፊያ ሲሹለኮሉ ኤልቤቴል ከወዲያ በኩል ስትመጣ አዩ። ሊመለሱ ዞር ቢሉ፣ ኩንታል የተሸከመ ጎረምሳ ከኋላቸው መንገዱን ዘግቶታል።

ጋሽ ገሪማ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኢዲዶ አካባቢ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ቡና ተረካቢ ነበሩ። አሁን የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌና ንብረት ያዥ ናቸው፤ የሙዚቃ መሣሪያ ክፍሉ ቁልፍ ከኪሳቸው አይለይም። ደግ ሰው ናቸው። አንድ ክፉ አመል ብቻ አለባቸው፤ የሰው ንግግር ጫፍ ይበላሉ። «ልጄ ታሞ…» ያላቸውን ሰው «እግዚአብሔር ያጽናህ!» ብለው አቅፈው ያለቅሳሉ፤ ሰውዬው «…ዳነልኝ» የሚልበት ቀዳዳ አያገኝም።

ኤልቤቴል ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር የምታጠና፣ በመዘምራኑ ውስጥ የምታገለግል ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ እግዜር አገናኘን!» አለች።

«እኔን እንኳ ያገናኘኝ ይሄ ባለ ኩንታል ነው።»

«ጋዲሳ ዛሬ ጠቅልሎ ወደ ሞያሌ መሄዱ ነው። ትኬቱን ወደ ከሰዓቱ መኪና አስቀየርኩለት። እባክዎ ክፍሉን ይክፈቱልንና መዝሙሮቹን…»

«ጀመረሽ! ያንን ሳጥን ዳግመኛ በጉባኤ ፊት ልታቆሚው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዲሳ የቤተ ክርስቲያኒቱ ብቸኛ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። የደረሳቸው ሰባት የጌዴኦኛ መዝሙሮች ያሉት በጣቶቹ ላይ ብቻ ነው፤ ተተኪዋ ማሚቱ ገና ቁልፎቹን እየዳበሰች ነው። ኤልቤቴል የወንድሟን አሮጌ የቤት ኮምፒውተር በገመድ ከኪቦርዱ ጋር አገናኝታ፣ አጨዋወቱን የሚቀበልና መልሶ የሚያጫውት ፕሮግራም ጻፈች። በጾም ጸሎቱ ቀን ሲሞከር መዝሙሩ አለቀ፤ አንድ ድምፅ ግን አልቆም አለ። መጋቢው «አሜን» ቢሉ «ኡኡኡኡ» ይላል። ከፊት ረድፍ የነበሩ እናት ተነሥተው «በኢየሱስ ስም ውጣ!» ብለው ገሠጹት። የወጣው ሶኬቱ ነው፤ ጥበቃው ነቀለው። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቹ «እስኪጠና ይቆይ» ብለው ወሰኑ። በእኛ አገር «እስኪጠና» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል።

«ካሴት የለም ወይ?» አሉ ጋሽ ገሪማ። «ስንት ዓመት ያገለገለን ካሴት ዛሬ ምን በደለ?»

«ካሴት የሚይዘው ድምፁን ነው፣ ጋሼ። ማሚቱ እንድትማርበት ቀስ ብናደርገው እንደ በሬ ያገሣል። ኮምፒውተሩ የሚይዘው መልእክት ነው። የትኛው ቁልፍ መቼ ተጫነ፣ በምን ያህል ጉልበት፣ መቼ ተለቀቀ፤ ኪቦርዱ ይህን ይልክለታል። ሚዲ የሚባለው እሱ ነው። ቀስ ብናደርገው ዜማው አይበላሽም።»

«ታዲያ ያን ቀን ምን ነክቶት ነው ‹ኡኡ› ያለው?»

«‹ተጫነ› የሚለውን ተቀበለ፤ ‹ተለቀቀ› የሚለውን ጣለ። መጀመሪያውን ሰምቶ መጨረሻውን ያልሰማ…» ብላ ዝም አለች።

«ምነው? ተናገሪ!»

«ይቆጡኛል።»

«ዝም ስትዪም እቆጣለሁ።»

«በሽማግሌዎቹ ፊት ምን እንዳልኩ ያስታውሳሉ?»

«ይረሳል እንዴ! ‹ይህ ኮምፒውተር መዘምራኑን የሚተካ› አልሽ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ብድግ ብዬ ልክሽን ነገርኩሽ!»

«ያላስጨረሱኝ አንድ ቃል ነበር፣ ጋሼ። ‹አይደለም› የሚል።»

ቋንቋችን ፍርዱን የሚያስቀምጠው ከንግግሩ ጅራት ላይ ነው። ጅራቱን የቆረጠ ሰው «አይደለም»ን «ነው» አድርጎ ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ለሚስቱ ይነግራል፤ ሚስቱ ለጎረቤት ትነግራለች። ጋሽ ገሪማ ይህቺን «የሚተካ» በየቤቱ ሲያዞሩ ነው የከረሙት። ፊታቸው ጋለ። ረዳቶቹ «ይርጋጨፌ! ገደብ! የሞላ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እሳቸው ግን የሚሰሙት ያንን ያልተባለ ቃል ነው።

ሽንፈት በአንድ ምት አይገባምና ተከላከሉ። «ይሁን፤ እኔ ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ። ማሽን ከተሳሳተ ግን ምን ይረባል? ዛሬስ እንዳይጥል ምን ዋስ አለሽ?»

«ኢዲዶ ሳሉ፣ አመሻሽ ላይ ገበሬው እሸቱን ይዞ ሲጎርፍ፣ መፈልፈያው ማሽን ቢዘገይ ገበሬውን ይመልሱት ነበር?»

«ምን በወጣኝ! መዝኜ ገንዳው ውስጥ አስገለብጣለሁ። ማሽኑ በራሱ ጊዜ ከገንዳው ይስባል። ማሽን እስኪደርስለት የሚጠብቅ ተረካቢ ቡናውን ደጅ ያበላሻል።»

«የመጀመሪያው ፕሮግራሜ እንደዚያ ነበር። ተረካቢውም ፈልፋዩም እሱው ነው። አንዱን መልእክት ይቀበልና ስክሪን ላይ ሊስለው ዞር ይላል፤ እስኪመለስ ሌላው መጥቶ፣ ሰው አጥቶ አልፏል። ኪቦርድ ደግሞ ‹ድገምልኝ› ቢሉት አይደግምም። አሁን በሩ ላይ ሌላ ሥራ የሌለው ተረካቢ አቆምኩ። መልእክት በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ አስጥሎ ይቀበላል፣ በተራው ገንዳ ውስጥ ያስገባል። መሳሉም ማስላቱም ከዚያ በኋላ ነው።»

ጋሽ ገሪማ የሙያቸው ነገር ሲነሣ ሳያስቡት ቀረብ አሉ። «ገንዳው ቢሞላሳ?»

«ሰፊ አድርጌዋለሁ። አንድ እንኳ ቢያመልጠው ግን ‹ጥያለሁ› ብሎ በቀይ ይጽፋል። ያን ቀን የጎዳን መጣሉ ብቻ መቼ ሆነ? ጥሎ ዝም ማለቱ ነው።»

ሽማግሌው ኪሳቸውን ዳበሱ። ቁልፉ ወጣ።

«ስሚኝ፤ አንዲት ቀይ ካየሁ ሳጥንሽ ወደ ቤቱ፣ አንቺም ከመዘምራኑ። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ኮምፒውተሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጋዲሳ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ መጫወት ጀመረ። ጋሽ ገሪማ ከኤልቤቴል ጀርባ ቆመው ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። አንደኛው አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ። ጋዲሳ በየመሃሉ ሰዓቱን ያያል። «ኧረ ቶሎ በይ አንቺ፣ መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው!» ስድስተኛው ሲያልቅ የቀረው ጊዜ ወደ መናኸሪያ በሩጫ የሚያደርስ ብቻ ነበር። ኤልቤቴል ስድስተኛውን ዲስክ ላይ አስቀምጥ ብላ አዘዘች፤ እስኪያስቀምጥ ሳትጠብቅም «ቀጥል!» አለችው። ሰባተኛው ከሁሉም ፈጣኑ ነው። ጣቶቹ በቁልፎቹ ላይ እንደ ዝናብ ወረዱ።

ቀይ ወጣ።

በዚያች ቅጽበት ሽማግሌው መነጽራቸውን እየወለወሉ ነበር። አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ነው፤ ቀዩ ጽሑፍ ይጠፋል። ኤልቤቴል እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«ጋሼ፣ ቀይ ወጥቷል።»

«አንቺ ደግሞ!» አለ ጋዲሳ ጨዋታውን አቋርጦ። «ማን ጠየቀሽ!»

ጋሽ ገሪማ መነጽራቸውን አደረጉ። አዩ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ የታወቀ ነጎድጓድ ጉሮሯቸው ድረስ መጣ። ከዚያ፣ የሚያውቃቸው ሁሉ ቢሰማ የማያምነውን ነገር አደረጉ። አፋቸውን ዘጉት።

«ጨርሺ» አሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ጊዜ ላተርፍ ብዬ እያስቀመጠ አስጀመርኩት። ዲስኩ ላይ ሲጽፍ ተረካቢውን ከበሩ ወሰደው። አሁን ማስቀመጡን ጨርሷል፤ ሰባተኛው ብቻ ቢደገም ይገባል። ግን መኪናው…»

ጋሽ ገሪማ ንግግሯን መጨረሷን እርግጠኛ ለመሆን ትንሽ ጠበቁና «መኪናው ለእኔ ይሁን» አሉ። «የሚዋሽ ተረካቢ ስንት ገበሬ እንዳስለቀሰ እኔ ነኝ የማውቅ። ይሄኛው ጉድለቱን ተናግሯል። አጫውቺው!»

መናኸሪያው ውስጥ የሞያሌው መኪና ሞተሩ ተነሥቷል። ጋሽ ገሪማ በሩ ላይ ተገትረው በዘመናቸው ሁሉ ያካበቱትን አመል ለበጎ ሥራ አዋሉት። ረዳቱ «አባባ፣ እንሂ…» ሲል «መሄድማ ጥሩ ነው!» ይሉታል። «ይውረ…» ሲል «ወርጄማ እግሬ አልችል አለ!» ይሉታል። ተሳፋሪው ተንጫጫ፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን አንጫረረ፤ አንዱ «ገፍትራቸውና ዝጋ!» አለ። ረዳቱ ክንዳቸውን በያዘበት ቅጽበት ጋዲሳ ከባጃጅ ዘሎ ወረደ።

«ገባ ጋሼ! ሁሉም ገባ! አንድም አልጣለ!»

በቀጣዩ የሽማግሌዎች ስብሰባ ጋሽ ገሪማ ተነሥተው እንዲህ አሉ። «ወንድሞቼ፣ እስካሁን ተጫዋች በሄደ ቁጥር መዝሙሩም አብሮት ይሄድ ነበር። አሁን ጋዲሳ ሞያሌ ነው፤ መዝሙሮቹ ግን እዚህ ናቸው። ማሚቱ ቀስ አድርጋ ትማራቸዋለች። ዜማው ለሴቶቹ ከፍ ካለባቸው ዝቅ ይደረግላቸዋል። የይርጋጨፌና የገደብ ወገኖቻችንም ግልባጭ ይወስዳሉ። ኮምፒውተሩ መዘምራኑን የሚተካ አይደለም።» ይህቺን የመጨረሻ ቃል ጮክ ብለው ነው የተናገሯት። «እኛም ብንሆን ከእሱ እንማር። መጀመሪያ መቀበል፣ ከዚያ መመርመር፤ ያመለጠንንም አምልጦናል ማለት።» ክፍሉ እንዲከፈት ተወሰነ፤ ማንም «ይጠና» አላለም።

ከስብሰባው በኋላ ኤልቤቴልን ጥግ ያዟት።

«ልጄ፣ በአፍ የሚዜመውንስ ይቀበላል?»

«አይ ጋሼ፣ በጣት የተጫወቱትን ብቻ ነው።»

«አባቴ ቡና ሲለቅም የሚያዜማት አንዲት ዝማሬ ነበረች። ከእኔ ሌላ የሚያውቃት የለም።» ማሚቱ የምትለማመድበትን ኪቦርድ አሻግረው አዩት። «ጣት ነው የሚፈልገው?»

«ጣት ነው።»

ጋሽ ገሪማ ካፖርታቸውን አውልቀው ከማሚቱ ጎን ተቀመጡ። በይ አሳዪኝ አሏትና አሥሩንም ጣቶቻቸውን ባንዴ ቁልፎቹ ላይ ዘረጉ።

«በአንዷ እንጀምር፣ ጋሼ» አለች ማሚቱ፤ ዘጠኙን ቀስ ብላ አነሣችላቸው።