ማንም ያላዘዘው ሣጥን

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ሳልወድ በግዴ ሣጥን ሠሪው ደጃፍ ተጠለልኩ። የሰፈሩ ሰው ሽማግሌውን "ጋሽ ልኬ" ይላቸዋል። የሬሳ ሣጥን ሲሠሩ ሜትር አይዙም፤ ሰውን አንዴ አይተው ልኩን ያወጣሉ። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ሁሉ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። እኔም ተምሬአለሁ እያልኩ፣ አጥሬ ብታይ የሚሻለኝ ይመስል፣ ጎንበስ ብዬ ነው የማልፋቸው።

"ግባ መምህር፣ አልለካህም" አሉኝ።

ውስጥ የወንድማቸው ልጅ ቆማለች፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ናት። ዓይኗ ቀልቷል። በመሐላቸው አዲስ ሣጥን ተጋድሟል።

"ማን ሞተ?" አልኩ።

"ማንም። ያዘዘኝም የለም" አሉ ሽማግሌው። "ከሐኪም ቤት መጥቼ እጄን ላፍታታ ብዬ መጋዝ አነሳሁ። ቀና ስል ይኸው ሣጥን ሆኗል። እጄ የራሴን ልክ ቆርጦ ቀኔ መድረሱን ነገረኝ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እሳቸው ግን ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ተረጋግተዋል።

ነገሩን ያስረዳችኝ ነርሷ ናት። ከአንጀታቸው ውስጥ በመመርመሪያ ቱቦ ትንሽ ትርፍ ሥጋ ወጥቶላቸው ነበር። ሥጋው ሲመረመር ካንሰር ተገኘበት፤ ካንሰሩም እስከተቆረጠበት ጠርዝ ደርሷል። ስለዚህ ሐኪሙ ያንን የአንጀት ክፍል በዙሪያው ካሉት በሽታ ከሚያጣሩ ትናንሽ ዕጢዎች ጋር በቀዶ ሕክምና እናውጣው ብሏል። እሳቸው እምቢ አሉ።

"ወጣልህ ስትሉኝ ተመስገን አልኩ" አሉ ጋሽ ልኬ። "አሁን ደግሞ ሆድህን እንክፈት! የወጣ ነገር ፍለጋ ቤት ይፈርሳል? ደግሞስ ምን አመመኝ? የበላሁት ይስማማኛል፣ እንቅልፌ ሰላም ነው።"

"ጋሼ፣ ጠርዙ ላይ ከተገኘ የቀረ ሊኖር ይችላል። ወደ ዕጢዎቹም ሾልኮ ይሆናል። ይህ በሽታ ሲጀምር አያምም እኮ፤ ማመም ሲጀምር ብዙ ጊዜ ረፍዷል።"

"ከፍታችሁ ባዶ ብታገኙስ?"

"ሊሆን ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ቀዶ ሕክምናውም አደጋ አለው። የተሰፋው ሊያፈስ፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል። ልብዎና ሳንባዎ የተመረመሩት ይችሉት እንደሆነ ለማወቅ ነው። ሐኪሙ ይችላሉ ብሏል።"

አመላለሷ ደስ አለኝ። እኛ ተማርን የምንል ሰዎች ለማሳመን ስንቸኩል የእውነቱን ግማሽ እንደብቃለን፤ ሰሚው ደግሞ የተደበቀውን ያሸተዋል። ሽማግሌው ግን ፍንክች አላሉም።

"በከንቱ አትድከሚ ልጄ። እጄ ተሳስቶ አያውቅም።"

"እንግዲያውስ ይግቡበትና እንየው። ልክዎ ከሆነ አፌን እዘጋለሁ።"

"ኧረ ነውር ነው!" ልል አፌን ስከፍት ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፈራሁ፤ መፍራቴን ለምን እደብቃለሁ? እዚያ ውስጥ ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት መሰለ። ጉልበታቸው ግን እንደታጠፈ ቀረ። ሊዘረጉት ሲሞክሩ ተረከዛቸው ጣውላውን መታ፤ ትከሻቸውም አልገባ ብሎ ወደ ጎን አጋደሉ።

"አጠረኝ" አሉ ዓይናቸውን ገልጠው፣ እንደ ሕፃን ደንግጠው።

ነርሷ ተንበርክካ ጣውላውን ዳሰሰችው።

"ይህ የአባቴ ልክ ነው" አለች።

አባቷ አጭርና ቀጭን ሰው ነበር። በዚሁ በአንጀት ካንሰር ነው የሞተው፣ "ምንም አላመመኝም" እያለ ሰንብቶ። የተቀበረበትን ሣጥን የሠሩለትም እኚሁ ታላቅ ወንድሙ ናቸው።

"እጅዎ ትንቢት አልተናገረም ጋሼ" አለች እያለቀሰች። "ያ ሐዘን ከእጅዎ አልወጣም እንጂ። አባቴ በጊዜ የሚነግረው አላገኘም፤ እርስዎ አግኝተዋል። እባክዎ፣ ሁለተኛ አባት አያስቀብሩኝ።"

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉላት።

"አውጪኝ" አሉ። "ነገ አብረን እንሂድ።"

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ከወጡት ዕጢዎች በአንዱ ውስጥ ካንሰሩ ተሸሽጎ ተገኘ። ገና የመድኃኒት ሕክምና ስለሚቀራቸው ሐኪሙ ድነዋል ብሎ አልማለም፤ ቢቆዩ ኖሮ ግን ወደ ጉበት ሊሻገር ይችል እንደነበር፣ አሁን የመዳን ተስፋቸው ሰፊ እንደሆነ ነገራቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ በአጠገባቸው የተኛውን በሽተኛ ይመክራሉ።

"አላመመኝም አትበል ወንድሜ። ምስጥም ቤት ሲበላ ድምፅ የለውም።"

ድንገት አጠገባቸው ወደቆመችው የወንድማቸው ልጅ ዞሩ።

"ይህ ነገር በዘር ሊሄድ ይችላል ብሎኛል ሐኪሙ። አንቺስ ታይተሻል?"

ያቺ ለሁሉ መልስ ያላት ልጅ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ አልጋ ልብሱን ታስተካክል ጀመር።

"እኔማ... ምንም አላመመኝም" አለች።

በክፍሉ ውስጥ አባቷ የተናገረ መሰለኝ። ሽማግሌው አልተቆጡም። የተሰፋ ሆዳቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ እያቃሰቱ ከአልጋው ወረዱና ጫማቸውን በእግራቸው ይፈልጉ ጀመር።

"ኧረ ጋሼ! የት ሊሄዱ ነው?"

"የምርመራ ወረፋ ልይዝልሽ።"