የጋሽ ሚስባህ ጭስና የቦሩ ሜዳ አየር

እኔ ወላሂ ብልም የሚያምነኝ ጥቂት ነው፤ ይህን ግን ባይኔ ያየሁት ነው። በጥር ወር አንድ ሐሙስ ከደሴ ፒያሳ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ስሳፈር፣ ጎረቤቴ ጋሽ ሚስባህ የልጅ ልጃቸውን ቢልቂስን ታቅፈው አገኘኋቸው። ጋሽ ሚስባህ ያረጀ የመኪና ባትሪ ሰብረው፣ የውስጡን እርሳስ ጓሯቸው አቅልጠው ለራዲያተር በያጆች ይሸጣሉ። የአምስት ዓመቷ ቢልቂስ ደግሞ ሆዷን እያመማት፣ ምግብ እምቢ እያለች፣ መልኳ ገርጥቶ ከርማለች።

ከፊታችን የሰፈራችን ልጅ ራቢያ ተቀምጣለች፤ ተምራ ደሴ ላይ በላቦራቶሪ ሙያ ትሠራለች።

«ጋሽ ሚስባህ፣ ምርመራው ምን አለ?» ብላ ዞር አለች።

«ደሟ ውስጥ እርሳስ አለ ይሉኛል! ልጄ ባትሪ ናት እንዴ? ዓይነ ጥላ ነው እንጂ! የወባ ትንኝ ያባርርላታል ብዬ ሁሌ ከጭሱ አጠገብ ነው የማስቀምጣት። ይኸውልሽ ይሄ ምስክሬ ነው፤ ጭስህን የሸተተች ትንኝ እያሳለች ሐርቡ ድረስ በእግሯ ሄደች ብሎ አምና የነገረኝ።»

በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ለቀልድ የፈጠርኩት ነበር።

«ይቆጡኝ እንጂ እናገራለሁ» አለች ራቢያ። «እርሳስ ሲቀልጥ ዓይን የማያየው ብናኝ ይወጣል። ከዱቄት እጅግ የደቀቀ ስለሆነ አፍንጫ አያስቀረውም፤ ሳንባ ገብቶ ከደም ይቀላቀላል። የተረፈው መሬቱና ልብስዎ ላይ ያርፋል፤ ልጅቷ ነክታው በእጇ ወደ አፏ ትወስደዋለች።»

«አባቴ ወናፍ ሲነፋ ኖሮ ዘጠና ዓመት ሞላው!»

«ባትሪ ነበር የሚያቀልጡት?»

«የምን ባትሪ! ማረሻ ነበር የሚቀጠቅጠው።»

«ማረሻ ሌላ፣ እርሳስ ሌላ። የልጅ ገላ ደግሞ ከአዋቂ አብልጦ ይቀበለዋል፤ አእምሮዋም ገና እያደገ ነው።»

«እኔን ታዲያ ለምን አላመመኝም?»

«እጅዎ ይንቀጠቀጣል።»

«እርጅና ነው!»

«ሊሆን ይችላል፤ ተመርምረው ይወቁት።»

ሰው የኖረበትን ነገር መርዝ ነው ሲሉት እሱን የሰደቡት ይመስለዋል። ጋሽ ሚስባህም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ራቢያ ግን ለስለስ ብላ ጠየቀች፦

«በክረምት ቦሩ ሜዳ አክስቷ ዘንድ ስትከርም እንዴት ነበረች?»

«እሱማ ሸጋ ሆና ነበር! ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ አንድ ቀን ሆዴን አላለችም። አየሩ እኮ...»

አልጨረሱትም። ልጅቷን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዟት። «ያ ረቢ! በገዛ እጄ?»

«አውቀው አላደረጉትም፤ አብሽሩ። ማቅለጡን ካቆሙ፣ ክትትሏንም ካላቋረጡ፣ እየቀነሰ ይሄዳል።»

«ጋሽ ሚስባህ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ፣ «የትንኟ ነገር ቅጥፈት ነው፤ አፉ ይበሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ። ነገ ግን የማቅለጫ ምድጃውን አብረኸኝ ታፈርሳለህ።»

አፈረስነው። ቢልቂስን ቦሩ ሜዳ ሰድደው፣ ራቢያ እንዳሳየችን አፍንጫችንን ሸፍነን፣ አቧራው እንዳይቦን ውሃ እያርከፈከፍን ጠረግን፤ ጓሮውም በሲሚንቶ ተለስኖ ሲያልቅ ልጅቷ ተመለሰች። ዛሬ ጋሽ ሚስባህ ባትሪ አይሰብሩም፤ ቻርጅ ያደርጋሉ፣ ያረጀውን ሳይከፍቱ ለሚረከቡ ያስረክባሉ። የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ቤት አይገቡም። የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ ከዚያ ጭስ ዳኑ።

ሰኔ ላይ የቢልቂስ ደም ዳግም ሲመረመር እርሳሱ ቀንሶ ተገኘ። ራቢያ ውጤቱን ልታነብላቸው ስትመጣ፣ ሽማግሌው ለእሷ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩላት። መሃል ላይ ቢልቂስ ልብሳቸውን ጎተተች።

«አባባ፣ ራበኝ።»

ዱዓቸው በእንባ ተቋረጠ። «አልሐምዱሊላህ!» አሉ፤ «ሰምተሻል ራቢያ? ራበኝ አለች!»