ላምባው ሁሉ እኔ ቤት
ጣሊያን የመቱን ከተማ በያዘበት ዘመን፣ በጋው ሲበረታ አዋጅ ተነገረ፦ ሁሉም በቤቱ ዙሪያ ያለውን ደረቅ ሣር ይጨድ፣ በደጁ ውሃ ያስቀምጥ። በሰፈራችን ቆርቆሮ ቤት የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሣሬን አጭጄ እንስራዬን ሞልቼ ሳበቃ፣ ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ አንድ ጣሳ ላምባ ይዘው መጡ።

«ይሄን አስቀምጥልኝ። የእኔ ቤት ሣር ነው፤ እሳት ቢነሳ አያድርስ ነው።»

«ሣሩንስ አሳጨዱ?»

«ላምባው ከወጣ ምን ያስቸኩላል?»

አፍሬ ተቀበልኳቸው። ይህን ያየ ጎረቤት ሁሉ ላምባውን እያመጣ እኔ ቤት አስቀመጠ። አልጋዬ ሥር ሳይቀር ጠርሙስ ተደረደረ። ሣሩን ያጨደ ግን አንድም ሰው የለም።

«እትዬ፣ በገዛ ቤቴ ክብሪት መጫር አቃተኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ማሎ፣ እባክህ ምን ያስቆጣሃል? ያንተ ጣሪያ ቆርቆሮ!»

ከላምባው ላርቀው ብዬ የልብስ ሣጥኔን ተሸክሜ እሳቸው ሣር ቤት አስገባሁት። አሁን የእኔም ንብረት እዚያ ነውና፣ ማጭድ ይዤ ሣራቸውን ማጨድ ጀመርኩ። እትዬ ዘይነባ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አዩኝና፣ «በጓሮ በኩል ጀምር፤ እዚያ ነው የሚበዛው» አሉኝ።